ከዝንጀሮ ገደል እስከ ጓንግ ዳር፦ የመምህርት ስርጉት ትዕዛዙ ሕይወት

የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፣ ከላይ ምንጭ ሚካኤል ተነስታችሁ የቆላውን ሐሩር ሳትፈሩ የመጣችሁ ዘመዶቻችን፣ የኮኪት እድርተኞች፣ በየዘመኑ ተማሪዎቻቸው የነበራችሁ ሁሉ፤ ፀሐዩ ሳይበረታ ወደ ጥላው ጠጋ በሉና አድምጡኝ። የማነበው የአክስቴን፣ የመምህርት ስርጉት ትዕዛዙን ዜና ሕይወት ነው። እርሳቸው በሕይወት ሳሉ ይህን ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ሲያዙኝ አንድ አደራ ሰጥተውኛል። "ሃይሚ፣ አደራሽን በለቅሶ ድምፅ እንዳታነቢው፤ እኔ ስለ ፏፏቴ በለሆሳስ አውርቼ አላውቅም" ነበር ያሉት። ስለዚህ ድምፄ ከፍ ቢል ለሐዘኑ ክብር ነስታ ነው አትበሉኝ፤ የታዘዝሁትን እየፈጸምሁ ነው።

ከትናንት ጀምሮ በዚህ ድንኳን ውስጥ በየጥጉ ሲጠየቅ የዋለውን ጉዳይ ከመጀመሪያው ልናገረው። ከደጋ ወርዶ ቆላ የኖረ ሰው ሲያርፍ አስከሬኑ በአይሱዙ ተጭኖ ወደ ተወለደበት ደብር መመለሱ ብዙዎቻችን የምናውቀው ልማድ ነው። መምህርት ስርጉት ግን የኖሩበትን ኮኪትን ለመቀበሪያቸው መርጠው ነበር። ታናሽ ወንድማቸው፣ አባቴ አቶ ባየልኝ ትዕዛዙ፣ በበኩላቸው እኅታቸውን ወደ ላይ ሊመልሱ ለእናታቸው ምለው ነበር። የእኅት ፈቃድና የወንድም መሐላ እንዲህ ተፋጠው የቆዩበትን ምክንያት ለመረዳት ከገደሉ አፋፍ መጀመር ያስፈልጋል።

መምህርት ስርጉት ከአባታቸው ከአቶ ትዕዛዙ ወርቁና ከእናታቸው ከወይዘሮ የሻረግ ካሳ፣ በጭልጋ ደጋ፣ "ላይ ምንጭ ሚካኤል" በምትባል መንደር በ1951 ዓ.ም. ተወለዱ። ከቤታቸው ጓሮ ጥቂት እንደተሄደ መሬቱ ድንገት ያልቃል፤ ቦታውን ዝንጀሮ ገደል ይሉታል። ከመንደሩ ምንጮች የሚነሳው ወንዝ እዚያ ሲደርስ ሜዳ ያልቅበትና ወደ ታች ይወረወራል፤ ከታች በጥልቁ ሸለቆ ከወንድሞቹ ጋር ተገናኝቶ ጓንግን ይሆናል። ሕፃኗ ስርጉት ገና አፍ በቅጡ ሳይፈቱ ጀምሮ የፏፏቴውን ድምፅ እየሰሙ አደጉ፤ አፍ ሲፈቱም ከአንደበታቸው የማይጠፋው ስለ እርሱ መጠየቅ ነበር። ውሃው ለምን እዚህ ላይ ወደቀ? ለምን ከዚያ ማዶ አልወደቀም?

አባታቸው ሞፈር እየጠረቡ የሰጧቸውን መልስ አክስቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲናገሩት ኖረዋል። "ድሮስ ከዚያ ማዶ ነበር የሚወድቅ። ያች ሾላ አያቴ ልጅ ሳሉ ከአፋፉ ርቃ ነበር፤ ከብት ከፊቷ ተኝቶ ያመሰኳ ነበር። ዛሬ ሥሯ ገደሉ ላይ ተንጠልጥሎ አታይም?" አሏቸው። ልጅቱም "እንግዲያ ፏፏቴው ይሄዳል ማለት ነው?" ሲሉ፣ አቶ ትዕዛዙ መጥረቢያቸውን ሳያቆሙ "ይሄዳል እንጂ! እሱ እንደ አንች ቁጭ ብሎ ሲጠይቅ አይውል" ብለው መለሱላቸው።

አንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በአይከል፣ ሁለተኛ ደረጃን በጎንደር ከተማ ተከታተሉ። በጎንደር ሳሉ አንድ ቀን በቤተ መጻሕፍት ውስጥ የጂኦግራፊ መጽሐፍ ሲያገላብጡ አንድ ሥዕል አጋጠማቸው፤ ከላይ ጠንካራ ድንጋይ፣ ከሥሩ ለስላሳ አፈር፣ ከፊቱ የሚወድቅ ውሃ፣ ከውሃውም ኋላ በነጠብጣብ የተሣለ ሌላ ገደል ነበር፤ ውሃው ነገ የሚደርስበት ቦታ ማለት ነው። የወደቀው ውሃ ከታች ያለውን ለስላሳውን ክፍል እየቦረቦረ ያወጣዋል፤ ከላይ ያለው ጠንካራው ድንጋይ መቀመጫ ሲያጣ ይሰበራል፤ ሲሰበር ፏፏቴው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ፣ ወደ ምንጩ ይሸሻል፤ በሸሸበት መንገድ ሁሉ ሸለቆ ትቶ ይሄዳል። አክስቴ ይህን ሲያዩ በዚያ ዝምታ መሀል "አባቴ እውነቱን ነው!" ብለው ጮኹ፤ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊም ከነመጽሐፋቸው አስወጧቸው። ወጥተውም በረንዳ ላይ ተቀምጠው ምዕራፉን ጨረሱት።

የመምህርነት ሥልጠናቸውን አጠናቀው በ1973 ዓ.ም. ኮኪት ሲመደቡ ግን በቤታቸው ትልቅ ሐዘን ሆነ። የወይዘሮ የሻረግ ታላቅ ወንድም በወጣትነታቸው ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ወርደው በወባ ሞተው ነበር፤ የሥራ ጓደኞቻቸው በማሳው ዳር ቀበሯቸው፤ በሚቀጥለው ዓመት ማሳው ሲሰፋ መቃብሩ ታረሰ። ዘመድ ወርዶ ቢፈልግ የት እንደነበር የሚያሳየው ሰው አጣ። ስለዚህ ወይዘሮ የሻረግ ልጃቸውን ሲሸኙ ጉንጫቸውን ስመው "ቆላ አንድ ሰው በልቶብኛል፤ አንችን ደግሞ ቢበላብኝ የማለቅስበት ድንጋይ እንኳ አላገኝም" አሉ።

መምህርት ስርጉት ኮኪት ደርሰው መጀመሪያ የተሰማቸው ነገር መደናገር ነበር። መሬቱ ዓይን እስከሚያይ ለጥ ያለ ነው፤ በበጋ እግር እስኪውጥ የሚሰነጠቅ፣ በክረምት ጎማ አልለቅም የሚል ጥቁር ዋልካ። በክፍል ውስጥ ስለ ተራሮች አፈጣጠር ማስተማር ሲጀምሩ አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ "ቲቸር፣ ተራራ ማለት ትልቅ ኩይሳ ነው?" ብሎ ጠየቃቸው። ክፍሉ ሳቀ፤ እርሳቸው ግን አልሳቁም። ተራራ ላላየ ልጅ ተራራን በጠመኔ መሣል እንደማይበቃ የገባቸው ያን ጊዜ ነበር።

በማግሥቱ ወደ ትራክተሮቹ መቆሚያ ሄደው አቶ አንዱአምላክ የሚባሉ ወጣት የትራክተር ነጂ አነጋገሩ። ንግግራቸውን ሁለቱም በየፋሲካው ይተርኩልን ስለነበር በቃሌ አውቀዋለሁ። "ተሳቢህን ትምህርት ቤት አምጣልኝ" አሏቸው። "ምን ልትጭኝበት ነው?" "ተራራ።" አቶ አንዱአምላክ ጓደኞቻቸውን ዘወር ብለው አይተው "ተራራ ጭኜ አላውቅም፤ ጎማው ይችለዋል?" አሉ። "እናየዋለን" አሉ አክስቴ።

ተሳቢው መጣ። ተማሪዎቹ በተሳቢው ላይ ዋልካ አቡክተው ደለደሉና ፀሐይ እንደ ሸክላ እስኪያደርቀው ጠበቁ፤ በላዩ ከየቤታቸው ያመጡትን የምድጃ አመድ አፈሰሱ፤ በአመዱ ላይ እንደገና ዋልካ፣ በዋልካው ላይ እንደገና አመድ ደረቡ። "ይኸ እንግዲህ ከምድር ሆድ የፈሰሰው ድንጋይ ነው፤ ይኸ ደግሞ በላዩ የዘነበው አመድ" አሉ መምህርት ስርጉት። ከዚያም ለአቶ አንዱአምላክ ምልክት ሰጡ። የተሳቢው አንድ ጫፍ በኃይድሮሊኩ ቀስ እያለ ወደ ላይ ሲነሳ "ምድር ተነሳች! ተራራ ተወለደ!" ብለው ያጨበጨቡት ማጨብጨብ የገበያውን ሰው ሁሉ ወደ አጥሩ ሰበሰበ። ተማሪዎች ከላይኛው ጫፍ በጀሪካን ውሃ አፈሰሱ። ውሃው ተንሸራተተ፣ መንገድ ፈለገ፣ ቦይ ቆረጠ፤ በደረቀው ዋልካ ጠርዝ ላይ ደርሶ ዘለለ፤ ከሥር ያለውን አመድ እየቆፈረ አወጣው፤ የዋልካው ከንፈር ቀጭ ብሎ ተሰበረ፤ ፏፏቴውም ወደ ኋላ ሸሸ! እንደገና ተሰበረ፤ እንደገና ሸሸ፤ በስተኋላው ግድግዳው ቀጥ ያለ ሸለቆ ተዘረጋ። ልጆቹ ጮኹ፤ የገበያው ሰውም ጮኸ።

በዚህ ደስታ መሀል አቶ አንዱአምላክ ተሳቢውን ከሚገባው በላይ አነሱት፤ ተራራው በሙሉ ተንሸራቶ ሊያዩ በመጡት ርዕሰ መምህር አዲስ ጫማ ላይ ወረደ። ርዕሰ መምህሩ ጭቃቸውን እያዩ "መምህርት፣ ይኸ በሥርዓተ ትምህርቱ ውስጥ አለ?" አሉ። "አለ ጌታዬ፤ የመሬት መንሸራተት ይባላል። የሚቀጥለው ምዕራፍ ነበር፤ ቀድሞ ደረሰብን" አሉ መምህርት ስርጉት። ርዕሰ መምህሩም ጫማቸውን እያራገፉ ሳቁ ይባላል።

አቶ አንዱአምላክ በሳምንቱ ሳይጠሩ መጡ። ለምን እንደመጡ ሲጠየቁ "ተራራው አልቆብሽ እንደሆን ብዬ ነው" አሉ። በ1977 ዓ.ም. በሥርዓተ ተክሊል ተጋቡ፤ ልጃቸው ዘሩና ልጃቸው ታንጉት ተወለዱላቸው። እኔም አንደኛ ደረጃን ስጨርስ ከደጋ ወርጄ በቤታቸው አደግሁ። በዚያ ቤት ሰው ሁሉ ስለ ወንዝ ያወራል፤ አቶ አንዱአምላክ እንኳ ሰሊጥ ጭነው ሲመለሱ የተሳቢውን ጎማ እያሳዩ የባለቤታቸውን ትምህርት ይደግሙልን ነበር። ተሳቢ ጭነቱ ሲራገፍለት ቀና እንደሚል፣ ተራራም ውሃ እያጠበ ክብደቱን ሲቀንስለት ከሥሩ ቀስ ብሎ እንደገና ይነሳል። የሚያፈርሰው ውሃ ራሱ ወደ ላይ እንዲነሳ ይረዳዋል! አክስቴ ይህን ሲያስረዱ ከመቀመጫቸው ይነሱ ነበር፤ ተቀምጠው ሊናገሩት አይችሉም ነበር።

በየዓመቱ የሰሊጥ አጨዳ ሲያበቃ መምህርት ስርጉት የላይኛውን ክፍል ተማሪዎች በጭነት መኪና አሳፍረው ወደ ዝንጀሮ ገደል ይወስዱ ነበር። ከቆላው ሜዳ ተነስቶ ወደ ደጋው የሚወጣው መንገድ ራሱ ትምህርት ነበር፤ መኪናው ጠመዝማዛውን ሲወጣ ልጆቹ ጆሯቸው እየተደፈነ፣ ብርድ እያንቀጠቀጣቸው፣ ከግራና ከቀኝ የገደሉን ድርብርብ እያዩ ይሄዱ ነበር። አፋፉ ላይ ሲደርሱ አክስቴ ሁሉንም በሆዳቸው አስተኝተው አንገታቸውን ብቻ ወደ ገደሉ ያስወጧቸዋል። ከዚያ ገደሉን ከታች ወደ ላይ እንደ መጽሐፍ ያነቡላቸዋል። ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት ምድር ተሰንጥቃ የቀለጠ ድንጋይ እንደ ጎርፍ ፈሰሰ፣ ረጋ፣ ጠነከረ፤ አመድ ዘነበበት፤ እንደገና ፈሰሰበት፤ ኋላም ከሥር የሚገፋ ኃይል ያን ሁሉ ድርብርብ ተሸክሞ ወደ ሰማይ አነሳው፤ መሬቱ ሲነሳ ወንዞች ቁልቁለት አገኙ፤ ቁልቁለት ያገኘ ውሃ ድንጋይና አሸዋ እየተሸከመ እንደ መጋዝ መቁረጥ ጀመረ። "የሚቆርጠው ውሃው ብቻ አይደለም፤ የተሸከመው ድንጋይ ነው" ይሉ ነበር። የፏፏቴው ርጭት ፊታቸውን ሲያርሰው ልጆቹ የሚያሰሙትን ድምፅ የሰማ ሰው አይረሳውም።

ወይዘሮ የሻረግ ይህን ሁሉ ሕፃን በጓሯቸው ሲያዩ መጀመሪያ ግራ ይገባቸው ነበር። "አሁን ይኸን ሁሉ የሰው ልጅ ገደል ለማሳየት ነው ከዚያ ድረስ ያመጣሽ? እኛ ልጅ ከገደል ስናርቅ ነው የኖርን" ይሉ ነበር። ኋላ ግን ኅዳር ሲቃረብ ንፍሮ የሚያስቀቅሉት እርሳቸው ሆኑ።

ወይዘሮ የሻረግ በ1996 ዓ.ም. አረፉ። ከማረፋቸው በፊት አባቴን ከአልጋቸው አጠገብ ጠርተው በቅዱስ ሚካኤል ስም አስማሏቸው። ስርጉት ቆላ ላይ ከሞተች አስከሬኗ ወደዚህ ይውጣ፣ እንደ ወንድሜ መቃብሯ አይጥፋ የሚል መሐላ ነበር። አባቴ ማሉ። አክስቴ ይህን የሰሙት ከቀብሩ በኋላ ነው፤ ያን ቀን ከወንድማቸው ጋር አልተነጋገሩም ይባላል።

መምህርት ስርጉት በክረምት መርሐ ግብር እየተማሩ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን በጂኦግራፊ አግኝተዋል፤ በኮኪትና በአካባቢዋ ትምህርት ቤቶች እስከ ጡረታቸው አስተምረዋል። ተማሪዎቻቸው ዛሬ መሐንዲስ፣ ሐኪም፣ ገበሬ፣ ነጋዴና ሹፌር ሆነው በዚህ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠዋል። ጡረታ ከወጡ በኋላም በበራቸው የሚያልፈውን ሰው ሁሉ ጠርተው ስለ ወንዝ ከማስተማር አላረፉም፤ አንዳንዱ ሰው እንደቸኮለ ሲያውቅ በሌላ መንገድ ይዞር ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በከባድ ክረምት የዝንጀሮ ገደል አፋፍ ከነሾላዋ ተናደ። አባቴ ከአያቴ የወረሱትና የጥግ ማሳ የምንለው መሬት አብሮ ሄደ። አባቴ በስልክ ለእኅታቸው ሲነግሩ ድምፃቸው ሐዘን ነበረበት፤ አክስቴም አዘኑ፤ ነገር ግን ሐዘናቸውን ሳይጨርሱ "ስንት ክንድ ወደ ኋላ ሄደ?" ብለው ጠየቁ። አባቴ ስልኩን ዘጉት።

አክስቴ በ2016 ዓ.ም. በልብ ድካም ታመሙ። ጎንደር ድረስ ሄደው ታክመው ተመለሱ፤ ጎረቤታችን ወይዘሮ ሐሚዳ፣ በአገራቸው በሱዳን ጦርነት ምክንያት፣ ጓንግ ወርዶ ከሚደርስባት ከአትባራ ከተማ ተሰደው ኮኪት የገቡ እናት፣ እንደ እኅት አስታመሟቸው። በዚህ ዓመት በጥር ወር አባቴ አይሱዙ ይዘው ከደጋ ወረዱ። አልጋቸው አጠገብ ቆመው "እታለም፣ ተነሽ እንሂድ። ሳትደክሚ በፊት በእግርሽ ግቢ። እናታችን ያስማለችኝን ታውቂያለሽ" አሏቸው።

"እሄዳለሁ" አሉ አክስቴ፤ "ግን መጀመሪያ ጓንግን እንይ።"

"ጓንግን? ከጓሮሽ የተወለደውን ወንዝ እዚህ ወርጄ ላሳይሽ?"

"አንተ ያየኸው ሕፃን ሆኖ ነው። አድጎ ምን እንደሆነ አላየኸውም።"

በአይሱዙው ላይ ፍራሽ አንጥፈን ወደ ጓንግ ዳር ወሰድናቸው፤ አባቴ፣ አቶ አንዱአምላክ፣ ወይዘሮ ሐሚዳና እኔ። ወንዙ በበጋው ቀንሶ ሰፊ የጠጠር ሜዳ ዘርግቶ ነበር። እርሳቸውን በወንበር አስቀምጠን ንግግራቸውን ጠበቅን። እንደዚያ ቀን ግን ስለ ወንዝ ዝም ብለው አያውቁም። አባቴ ጠጠሩ ላይ ወዲያ ወዲህ ሲሉ ቆይተው ጎንበስ አሉና ቀይ ድንጋይ አነሱ፤ ሌላም ደገሙ። በልጅነታቸው እሳት ለመጫር ከፏፏቴው ከንፈር እየፈነቀሉ ያመጡት የነበረው ቀይ ባልጩት ነበር፤ እዚያ እጅ የሚቆርጥ ስለት ነው፤ እዚህ እንደ ዕንቁላል ድቡልቡል ሆኖ ለስልሷል። ሁለቱን አጋጯቸውና አሸተቷቸው።

"ይች የዝንጀሮ ገደል ናት" አሉ።

"አይደለችም ብልህስ?" አሉ አክስቴ።

"ሽታዋን አውቀዋለሁ። አታታልይኝ።" ከዚያም ከወንዙ ዳር ጥቁር ደለል በእጃቸው ዘገኑ። "ይኸስ?"

"ይኸ ደግሞ የተራራው ሥጋ ነው። የጥግ ማሳህም አብሮበት አለ።"

አባቴ ወደ አቶ አንዱአምላክ ዞረው "ስማ አንተ! ይኸን ሁሉ ዓመት ሰሊጥ የምታመርተው በእኔ መሬት ነው?" አሉ። አቶ አንዱአምላክም "አልሰረቅሁህም፤ እየላክህ ተቀበልሁ" ብለው መለሱ። ወይዘሮ ሐሚዳም ሳቁና "ወላሂ፣ ለእኛም ይመጣ ነበር! በክረምት ወንዛችን ጠቁሮ ሲሞላ አባቴ 'ሐበሾች ተራራቸውን ላኩልን' እያለ በደለሉ ባቄላ ይዘራበት ነበር" አሉ። አባቴ እጃቸውን በራሳቸው ላይ ጭነው "እናንተም ወስዳችኋል እንዴ!" ሲሉ አክስቴ ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ።

ሳቁ ሲበርድ አክስቴ የወንድማቸውን እጅ ያዙ። "ባየልኝ፣ እናታችን የፈራችው መቃብሬ እንዳይጠፋ ነው። አውቃለሁ። ግን እኔ እዚህ እንግዳ ሆኜ አልኖርሁም። ባሌ፣ ልጆቼ፣ ተማሪዎቼ እዚህ ናቸው፤ ይኸ አፈርም ከእኛ በፊት ከእኛ አገር የወረደ ነው። ከዚህ አታውጣኝ" አሏቸው። አባቴ ውሃውን እያዩ "መሐላውስ?" አሉ። "መሐላው ያንተ ነው፤ እኔ አልነካብህም" አሉ አክስቴ። አባቴ በማግሥቱ ባዶ መኪናቸውን ይዘው ተመለሱ፤ እሺም እምቢም አላሉም። አክስቴ የቀሯቸውን ወራት የወንድማቸውን መልስ ሳያውቁ ኖሩ፤ በስልክ ሲነጋገሩም አንዳቸውም አላነሱትም።

መምህርት ስርጉት ትዕዛዙ በግንቦት ወር 2017 ዓ.ም.፣ በትናንትናው ዕለት ማለዳ፣ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው በአጠገባቸው እንዳሉ፣ ቅዱስ ቁርባን ተቀብለው በተወለዱ በስልሳ ስድስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ።

ትናንት ከሰዓት በኋላ የአይሱዙ ድምፅ ከመንገዱ ሲሰማ በዚህ ድንኳን ውስጥ የሆነውን ሁላችሁም አይታችኋል። የእድሩ ወጣቶች ከመቀመጫቸው ተነሱ። አቶ አንዱአምላክ በር ላይ ቆመው "ካለ ፈቃዷ አትጫንም" አሉ። መኪናው ቆመ። የኋላው በር ሲከፈት ግን የወረደው ሳጥን አልነበረም፤ የላይ ምንጭ ሚካኤል ሰው ነበር፤ ሽማግሌው፣ ባልቴቱ፣ ካህኑ፣ ጎልማሳው፣ አቧራ ለብሶ እያለቀሰ ወረደ። አባቴ ከጋቢናው ወርደው ወደ አማቻቸው ሄዱና ሁሉም እየሰማ እንዲህ አሉ፦

"ልወስዳት አልመጣሁም አንዱአምላክ። መሐላዬን አፍርሻለሁ። ለንስሐ አባቴ ተናግሬ ቀኖናዬን ተቀብያለሁ፤ እሱ የእኔ ሸክም ነው፤ ማንም አይሸከምልኝም። እናቴ የፈራችው ግን በከንቱ አልነበረም። መቃብሩን ያየ ዘመድ ስላልነበረ ነው አጎታችን የጠፋብን። ስለዚህ መንደሩን ይዤ መጣሁ። የት እንደተኛች ሁሉም በዓይኑ ይየው።"

ሁለቱ ተቃቀፉ። ዛሬ ማለዳ መቃብሩ ሲቆፈር የመጀመሪያውን ዶማ ያነሱት አባቴ ናቸው፤ ዋልካው የግንቦት ፀሐይ አድርቆት እንደ ድንጋይ ሲሆንባቸው "እሷው ናት፤ እንደ ልማዷ አልታዘዝ አለች" ብለው ሐዘንተኛውን አሳቁት።

መምህርት ስርጉት ባለቤታቸውን አቶ አንዱአምላክን፣ ልጆቻቸውን ዘሩንና ታንጉትን፣ የልጅ ልጆቻቸውን፣ ወንድማቸውን አቶ ባየልኝን፣ እንደ ልጅ ያሳደጓትን የወንድማቸውን ልጅ፣ እንደ እኅት ያስታመሟቸውን ወይዘሮ ሐሚዳን፣ ቁጥራቸውን እርሳቸው ራሳቸው ያልያዙትን ተማሪዎቻቸውን፣ እንዲሁም ሁልጊዜ ወደ ምንጩ እየሸሸ ያለውን ፏፏቴያቸውን ትተው ሄደዋል።

ተራሮችን ከምድር ሆድ ያነሳ፣ ወንዞችንም በየሸለቆው የመራ ልዑል እግዚአብሔር የመምህርት ስርጉትን ነፍስ ከቅዱሳኑ ማረፊያ ያሳርፍልን፤ ለባለቤታቸውና ለልጆቻቸው መጽናናትን፣ ለአቶ ባየልኝም የተቀበሉትን ቀኖና የሚፈጽሙበት ጉልበት ይስጥልን። አሜን።

አሁን ካህናቱ ጸሎት ይጀምራሉ። የላይ ምንጭ ሚካኤል ሰዎች፣ እባካችሁ ወደ ፊት ቅረቡ፤ የኮኪት ሰዎች መንገድ ልቀቁላቸው። የመቃብሩ ቦታ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ ከቤተ ልሔሙ በስተቀኝ፣ ከሁለቱ የኒም ዛፎች መካከል ነው። ሕፃናትን ከፍ አድርጋችሁ አሳዩአቸው። አይታችሁ ያዙት።